የሚያስለው ሞተር

አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ ትርንጎ፣ «አክስቴ ደግሞ ጀመረች» ብለሽ አትሳቂ! ጠይቀሽኝ የለም እንዴ? «እህቴ ሞተች፤ ሽማግሌዎቹ ልጆቹ እንዳይበተኑ በእሷ ምትክ ባሏን አግቢ ይሉኛል። እሱ ደግ ሰው ነው፣ እኔም አልከፋም፤ ታዲያ ምን ይጎድለናል?» አላልሽም? እንግዲያው ስሚ። ፊደል የማውቀው እንደነገሩ ነው፣ ይህን ግን አውቀዋለሁ።

ሰውየው ታናሽ ወንድም ነበረው። ታናሽየው ትንንሽ አውሮፕላን እየሠራ ያበር ነበር። አውሮፕላን ስልሽ ሰው የሚጭነው እንዳይመስልሽ፤ ጫጩት ብትሳፈርበት የሚወድቅ! ሞተሩ ሎሚ ቢያህል ነው። ግን እውነተኛ ሞተር ነው፤ ነዳጅ ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል። በሆዱ ውስጥ ፒስተን የምትባል ትንሽ ብረት አለች፤ ሲሊንደር በሚባል ጠባብ ቤት ውስጥ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። ሁለቱ ሲፋተጉ ኖረው ኖረው አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል። በመሃላቸው ትንፋሽ አያልፍም። አውሮፕላኑን የሚያበረውም ይኸው ነው።

ታናሽየው በድንገት ሞተ። እናትየው ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ፎቶግራፉን ቢሰጧቸው ምን ያደርጉታል? የቀራቸው የዚያ ሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ታላቅየው ሜዳ ላይ ሲያስነሣው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «መጣ» ይላሉ። ያን ዕለት ምሳ ይበላሉ።

ሞተሩ ግን አሮጌ ነበር። ሲነሣ ያስላል፤ እህ እህ ብሎ፣ ተንተባትቦ ነው የሚበረው። የሰፈሩ ሰው «የሟቹን ሞተር ጉንፋን ይዞታል» እያለ ይስቃል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ድንኳን ሊተከል፣ ዘመድ ከየአገሩ ሊመጣ ነው። ታላቅየውን ይሉኝታ ያዘው። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እያሳለ ሊበር? ወንድሙን አዋረደው አይሉኝም?» አለና ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ ሄደ። እዚያ የዚያኑ ዓይነት ሞተር አገኘ፤ ያገለገለ ነው፣ ግን ያብረቀርቃል። ነጋዴው «ጋሼ፣ አትጠራጠር! አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ልክ፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ስልህ!» አለው።

ሰውየው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መለወጥ አልፈለገም፤ የወንድሙ መሆኑ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ የጠቆረችውን ፒስተን አወጣና ከገዛው ሞተር የፈታትን የምታብረቀርቀዋን በቦታዋ አስገባ። ልክክ አለች! በደስታ አጨበጨበ። ለዓይን ልክ የሆነ ሁሉ ለሥራም ልክ መሰለው።

ቀኑ መጣ። ጸሎቱ አለቀ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሜዳው ዳር ቆመ። እናትየውን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ታላቅየው ከፊት የምትሽከረከረዋን ክንፍ በጣቱ መታ። ዝም። ደግሞ መታ። ዝም። ሲደጋግምበት ጊዜ ተነሣ፤ ግን ያ ሳል የለም፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያወጣው፣ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ጩኸት ሆነ።

እናትየው ደነገጡ። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ።

ሳይመልስላቸው ሞተሩ ቀጥ አለ። ሰውየው እዚያው ሣሩ ላይ ፈታው። የምታብረቀርቀዋ ተቦጫጭራለች። አሮጌዋን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ቤቷ መለሳት። መታ፣ መታ፣ ጣቱ ደማ። ሳል እንኳ የለም። ሲሊንደሩም ተጭሮ ኖሯል፤ ትንፋሹ በጭረቱ በኩል ያመልጣል። ሦስቱም ጥሩ ብረት ነበሩ፤ አንዳቸውም አላጠፉም። ከዚያ ወዲያ ግን አንዳቸውም አልሠሩም።

እናትየው አሁንም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። «ልጄ፣ ዛሬ አይመጣም እንዴ?»

ሰውየው አጎንብሶ ክንፏን ደግሞ መታ። እንግዶቹ መሬት መሬት እያዩ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። እሑድ መጣ፣ ሌላም እሑድ መጣ፤ ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ። ምሳቸው ቀዘቀዘ።

አየሽ ትርንጎ፣ ሞተሩ የእህትሽ ቤት ነው። ባሏ ሲሊንደሩ ነው፣ እሷ ደግሞ ያቺ የጠቆረችዋ። ሲጣሉ ሲታረቁ፣ ሲኮራረፉ ሲሳሳቁ ነው እርስ በርስ የተሞረዱት። ቤታቸው ያስል አልነበር? ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል! ግን ይበር ነበር። አንቺ የምታብረቀርቂዋ ነሽ። ሽማግሌዎቹ «የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ?» ሲሉ እኔ የሰማሁት ያንን ነጋዴ ነው። ደግነታችሁ መች ጠፋኝ! እሱ ግን እሷን ይፈልግብሻል፤ አንቺም እሷን ለመሆን ስትፋተጊ ሁለታችሁም ትጫራላችሁ። ልጆቹ ደግሞ እንደ እኚያ እናት ናቸው፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ጆሯቸው ይቆማል። በእናታቸው ቦታ አንቺ ስትገቢ ምን እንደሚሉ ገባሽ?

እምቢ በያቸው። ሂጂና ልጆቹን እጠቢ፣ አጉርሺ፣ ጸጉራቸውን አበጥሪ፤ አክስት ሁኛቸው። ብትገቢም ባትገቢም የእህትሽ ድምፅ አይመለስም፤ እሷም የወንድሜ ልጅ ናት፣ ለዚህ መላ አጥቼለታለሁ። «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉሽ «አትመጣም» በያቸው። ያ ሰው እናቱን ደጃፍ ላይ ያስቀራቸው ይህችን አንድ ቃል መናገር አቅቶት ነው።