በርሽን ከፍተሽ ጠብቂን

አንድ የእድር ዳኛ ነበሩ፤ ጋሽ ደምሰው ይባላሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖሩት። የእርሳቸውን እድር ያየ ሰው ይቀናል፣ እውነቴን ነው! ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል። ድንኳን ተካዩ፣ ወንበር አምጪው፣ ሬሳ ተሸካሚው፣ ሁሉም በየስሙ ይታወቃል። በቀብር ሥነ ሥርዓት የሚደርስባቸው አልነበረም።

ከእርሳቸው ፊት ለፊት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሰገደች የምትባል ሴት ጥልፍ እየጠለፈች ትኖር ነበር። እግሮቿ አይንቀሳቀሱም። ሕንፃው ደግሞ ሊፍት የለውም። ደረጃውን የምትወርደው በእጆቿ እየተደገፈች፣ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው። "እዘገያለሁ እንጂ አልቀርም" ትላለች እየሳቀች።

አንድ እሑድ፣ የእድሩ ስብሰባ ሊያልቅ ሲል፣ እጇን አወጣች።

"ጋሽ ደምሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሳት ቢነሳ እኔን የሚያወርደኝ ማን ነው?"

ስብሰባው ተንጫጫ። "ኧረ አታሟርቺብን!" "በስመ አብ! ክፉውን አያሳየን!"

"አላሟረትኩም" አለች። "ሰው ሲሯሯጥ እኔ ደረጃው ላይ እንዳልረገጥ ፈርቼ ነው። ሁለት ሰው ስጡኝ። እንዴት እንደምያዝ ላሳያቸውና አንድ ቀን እንሞክረው።"

ጋሽ ደምሰው ሳቁ። ንቀዋት አይደለም፤ ይወዷታል። "ምን ሁለት ሰው ትያለሽ? ይሄ ሁሉ ሰው የማን ነው? ሁላችንም አለንልሽ! አንቺ ብቻ በርሽን ከፍተሽ ጠብቂን።"

ጭብጨባው ቀለጠ። አሰገደችም "እግዜር ይስጥልኝ" አለች።

እስቲ ንገሩኝ ወገኖቼ፣ እዚያ ቤት ፍቅር ጎደለ? አልጎደለም! ግን "እኔ ነኝ የማወርድሽ" ያለ አንድ ሰው ነበር? አልነበረም።

ከዚያ በአንዱ የሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከታች ካለ ሱቅ እሳት ተነሳ። ጭሱ ደረጃውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ልጁን ያቀፈው፣ ቴሌቪዥኑን የተሸከመው፣ ሁሉም እየተጋፋ ወረደ። ጋሽ ደምሰው የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ሲወጡ የአሰገደችን በር ተከፍቶ አዩት። "እሰይ፣ ወስደዋታል" አሉና አለፉ። አንገታቸውን ብቅ አድርገው እንኳ አላዩም።

ግቢ ሲደርሱ "አሰገደችስ?" ብለው ጠየቁ።

"ወጣቶቹ ያወረዷት መስሎኝ" አለ አንዱ።

ወጣቶቹ ደነገጡ። "ጋሼ፣ ጎረቤትዎ አይደለች እንዴ? እርስዎ ይዘዋት የወረዱ መስሎን..."

መስሎኝ፣ መስሎኝ፣ መስሎን! ጋሽ ደምሰው ሕፃኑን ለሰው አቀብለው ወደ ደረጃው ሮጡ። ጭሱ መለሳቸው። "አሰገደች! አሰገደች!" ብለው ቢጮኹ ምን ዋጋ አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ያገኟት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከተከፈተው በር ጀርባ ተቀምጣ። እሳቱ አልነካትም፤ ጭሱ ነው የጨረሳት። መንፏቀቅ ታውቅ ነበር እኮ! ቀደም ብላ ብትነሳ ትወርድ ነበር እኮ! ጠብቂን ስላሏት ጠበቀቻቸው።

ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ። ሬሳዋን ለመሸከም ሰው ተሽቀዳደመ። ጋሽ ደምሰው ሳጥኑን በትከሻቸው ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ "ሁለት ሰው ነበር እኮ የለመነችኝ" አሉ። ዳኝነቱን በዚያው ተዉት። ሰው ቢለምናቸውም አልተመለሱም፤ እስከ ዛሬ በዚያ በር ሲያልፉ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ወገኖቼ፣ ቀብር እናውቅበታለን። ለሞተው ሥራ ተከፋፍለን እናድራለን፤ በሕይወት ያለው ሲጠይቀን "አታሟርት" እንላለን። ስለ እሳት መነጋገር እሳት ይጠራል እንዴ? ሳይቃጠል በቅጠል ብለን የምንተርት ሰዎች፣ ቅጠሉን ማን እንደሚያመጣ ሳንነጋገር እንቀመጣለን?

በእናንተ ሕንፃ ዓይኑ የማያይ የለም? "እሳት!" ብትሉ የማይሰማችሁ የለም? አልጋ የያዘች እናት የለችም? አንኳኩታችሁ "ክፉ ቀን ቢመጣ እንዴት እናውጣሽ?" ብላችኋት ታውቃላችሁ? ወይስ አለንልሽ ብላችሁ ነው የወጣችሁት?

ሩቅ አንሂድ። ወንድማችን እንግዳሸት በተሽከርካሪ ወንበሩ ከኋላ ተቀምጧል፤ አስፈቅጄዋለሁ። የዚህ አዳራሽ መውጫ ደረጃ ነው። አሁን እሳት ቢነሳ ማን ያወጣዋል? እስቲ እጅ አውጡ።

አያችሁ? ሁላችሁም አወጣችሁ። አውርዱት! የራሱን ስም ጠርቶ "እኔ ነኝ" የሚል ይነሳ። እሱ ያልመጣ ቀን የሚተካውም ይነሳ። ሂዱና እንዴት መያዝ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት፤ ደረጃውንም አሁኑኑ ይዛችሁት ውረዱ።

ሂዱ እንጂ! ስብከቱ ይቆየናል።