«ግፉልኝ» የተባለችው ታክሲ

አንድ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ ባለ አሮጌ ሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። ታክሲያቸው ያለ ግፊ አትነሳም፤ ሰፈርተኛውም «ግፉልኝ» ብሎ ሰየማት። ደንበኞቿ ጠዋት ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ጣል አድርገው ከኋላ ይሰለፋሉ፤ እየተሳሳቁ ይገፋሉ፤ ሞተሩ ሲነሳ ሮጠው ይገባሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሹፌሩ ይሰደብ ነበር። እዚህ ግን ያልገፋ ሰው ከሌሎቹ ጋር የተጣላ ይመስላል።

በዚያው መስመር ናደው የሚባል ወጣት አዲስ ሚኒባስ ይዞ መጣ። «ጋሽ ድንበሩ፣ ሰው ታክሲ የሚይዘው እኮ ሊቀመጥ ነው!» እያለ ያሾፍባቸዋል።

የመልቀቂያ ፈተና ዕለት ትርሲት የምትባል ተማሪ «ዛሬስ በግፊ አልቀልድም» ብላ የናደው ታክሲ ውስጥ ገባች። ሲዘንብ አድሮ ስለነበር መንገዱ ጨቅይቷል። ቁልቁለቱ ስር ሲደርሱ የአዲሱ ሚኒባስ ጎማ ሰመጠ።

«ወርዳችሁ ብታግዙኝ?» አለ ናደው።

«ጫማዬን አታይም እንዴ?» አለው አንዱ። ሌሎቹም ስልካቸውን ማየት ቀጠሉ።

ትርሲት ብቻዋን ወርዳ ገፋች፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። የመፈተኛው ግቢ በር ሊዘጋ ነው። ያ ሁሉ ልፋቷ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሊቀር መሆኑ ሲገባት አለቀሰች።

ያኔ ግፉልኝ ከኋላ ደረሰች። ጋሽ ድንበሩ ሞተሩን ሳያጠፉ (ማጥፋትማ ከየት መጥቶ!) ገና ፍሬን ሲይዙ፣ ተሳፋሪዎቿ ማንም ሳያዛቸው ሱሪና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወረዱ። ማን በየት በኩል እንደሚይዝ ያውቁታል።

«አንቺ ግቢ የኔ እናት፤ እጅሽ እንዳይቆሽሽ፣ ትጽፊበታለሽ» አለቻት አንዲት ጎልማሳ ሴት።

«አንድ ላይ! ሆ!»

ባለ ጫማውም አፍሮ ወረደና ገፋ። ሚኒባሱ ተንገዳግዶ ወጣ! እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የለበሱት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ሴትየዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ትርሲትም ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ደርሳ ገባች። ፈተናውንም በደንብ አለፈች።

ወዳጆቼ፣ የሚመች ወንበር መጥፎ አይደለም፤ እኔም እወደዋለሁ። የግፉልኝን ሰዎች ያስተባበራቸው ግን ምቾት ሳይሆን የታክሲያቸው ጉድለት ነው። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ መረዳዳት የለመደ ሰው በጭንቅ ቀን አዛዥ አይጠብቅም። እናንተስ፣ ያን ጠዋት እዚያ ብትኖሩ ከወንበራችሁ ትነሱ ነበር?