ላስቲክ የለበሰው ግራናይት

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ጥጃለሁ፤ ሳያርር ቶሎ ቶሎ ስሙኝ!

ወለላ የምትባል ልጅ አክስቷ እትዬ ይርገዱ ቤት ሆና ትማር ነበር። ፈሪ ናት፤ በር ሲንኳኳ እንኳን ትደነግጣለች። ግን በቀደም ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ መለሰች፣ መምህሩም "ጎበዝ!" አሏት። ከዚያ ወዲህ እየፈራችም ቢሆን ትናገራለች።

እትዬ ይርገዱ ደግሞ አዲስ ነገር ከገዙ ይሸፍናሉ። ሶፋው ላስቲክ፣ ሪሞቱ ላስቲክ፣ የኩሽናው ወለል ሳይቀር ላስቲክ። ሰሞኑን ኩሽናው ውስጥ ግራናይት አስገጠሙ። እንዴት ያለ ድንጋይ መሰላችሁ! ጥቁር ነው፣ ግን ብር ፈጭተው የበተኑበት ይመስላል፤ ጎንበስ ስትሉ ፊታችሁን ያሳያችኋል። እሱንም አበባ ባለው ላስቲክ ሸፈኑት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፉት።

አንድ ቀን የእትዬን ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ለምሳ ይመጣሉ ተባለ።

"ወለላ፣ ወጡን አደራ!" አሉ እትዬ። "ካረረ ግን ከነገ ጀምሮ ደብተርሽን አስቀምጠሽ ማማሰያ ትይዣለሽ። ትምህርት የሚባል ነገር የለም!"

ከሰሉ ጋመ። ድስቱ ጮኸ። "አውርጂኝ! ማረፊያ ስጪኝ! ወጤ ሊያርር ነው!"

ወለላ ወደ ላስቲኩ ዞረች። "ላስቲክ፣ ላስቲክ፣ ድስቱን ተቀበለው፤ ድስቱ ማረፊያ አጣ፣ ወጡ ሊያርር ነው።"

"ምን በወጣኝ! እቀልጣለሁ። ድንጋዩ ላይ አስቀምጪው። ግን እንዳልነሳልሽ ፕላስተሩ ይዞኛል።"

ወደ ፕላስተሩ ጎንበስ አለች። "ፕላስተር፣ ፕላስተር፣ ላስቲኩን ልቀቀው፤ ላስቲኩ ድስቱን አልቀበል አለ፣ ድስቱ ማረፊያ አጣ፣ ወጡ ሊያርር ነው።"

"እትዬ ይርገዱ ካላዘዙ ንቅንቅ አልልም።"

እትዬ ሳሎን ሆነው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ወለላ ፈራች፣ ግን አፏን ከፈተች። "እትዬ፣ እትዬ፣ ፕላስተሩን ይዘዙልኝ፤ ፕላስተሩ ላስቲኩን አልለቅ አለ፣ ላስቲኩ ድስቱን አልቀበል አለ፣ ድስቱ ማረፊያ አጣ፣ ወጡ ሊያርር ነው።"

"ሆሆ! ድንጋዬ ላይ ትኩስ ድስት? የጎረቤታችንን የዘርፌን ግራናይት መጥበሻ አቃጥሎ ጥቁር ጠባሳ አውጥቶበታል፣ ራሷ ናት የነገረችኝ።"

"መምህራችን እኮ ግራናይት ድሮ መሬት ውስጥ ቀልጦ የነበረ ነው ብለዋል። ከእሳት ነው የተወለደው..."

"መምህርሽ የኔን ኩሽና አይተውታል? ዘርፌ ቃሏን ካላጠፈች አላዝም!"

ወለላ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ጎረቤት ሮጠች። "እትዬ ዘርፌ፣ እትዬ ዘርፌ፣ ቃልዎን ይጠፉልኝ፤ እትዬ ይርገዱ ፕላስተሩን አላዝም አሉ፣ ፕላስተሩ ላስቲኩን አልለቅ አለ፣ ላስቲኩ ድስቱን አልቀበል አለ፣ ድስቱ ማረፊያ አጣ፣ ወጡ ሊያርር ነው።"

"ውይ የኔ እናት፣ ትንፋሽ ውሰጂ እስቲ! ያየሁትን እንዴት እክዳለሁ? ነይ እዪው፣ ያውልሽ ጠባሳው። እሱ ካልተነሳ ቃሌን አላጥፍም።"

ጠባሳው እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ጥቁርና አስቀያሚ ነው። ወለላ ጠጋ አለች። "ጠባሳ፣ ጠባሳ፣ ተነስ፤ እትዬ ዘርፌ ቃላቸውን አላጥፍም አሉ፣ እትዬ ይርገዱ ፕላስተሩን አላዝም አሉ፣ ፕላስተሩ ላስቲኩን አልለቅ አለ፣ ላስቲኩ ድስቱን አልቀበል አለ፣ ድስቱ ማረፊያ አጣ፣ ወጡ ሊያርር ነው።"

"አልነሳም፣" አለ ጠባሳው። "ሁሉም ያለቅስብኛል እንጂ ማን ነክቶኝ ያውቃል? ደፍሮ የሚነካኝ ካልመጣ አልነሳም።"

ወለላ ጣቷን ሰደደች። ጠባሳው ከድንጋዩ ከፍ ብሏል! የተቃጠለ ድንጋይ ያብጣል እንዴ?

"እትዬ ዘርፌ፣ እርስዎም ላስቲክ አልብሰውት ነበር?"

"ታዲያ ራቁቱን ላስቀምጠው?"

"ይሄ እኮ ድንጋዩ አይደለም የተቃጠለው። የቀለጠው ላስቲኩ ነው! በረዶ አለዎት?"

በረዶውን ጠባሳው ላይ አሳረፈች፣ የቀለጠው ላስቲክ እስኪጠነክር ጠበቀች፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ጠርዙን ገፋ አደረገችው። ቀጭ! ጥቁሩ ነገር እንደ ቅርፊት ተነሳ። በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርገው ድንጋዩ ከሥር ብልጭ አለ። ጭረት የለ፣ ስንጥቅ የለ። ያን ሁሉ ግለት ችሎ ዝም ብሎ ተኝቷል፣ የኔ ጀግና!

እትዬ ዘርፌ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው ጮኹ። "አንቺ ይርገዱ! ዋሽቼሻለሁ! ድንጋዩ ደህና ነው፣ ያቃጠልነው ላስቲካችንን ነው!"

ይኸው እንግዲህ፤ ጠባሳው ተነሳ፣ እትዬ ዘርፌ ቃላቸውን አጠፉ፣ እትዬ ይርገዱ ፕላስተሩን አዘዙ፣ ፕላስተሩ ላስቲኩን ለቀቀ፣ ላስቲኩ ድንጋዩን ገለጠ፣ ድንጋዩ ድስቱን ተቀበለ፣ ወጡም ሳያርር ዳነ!

እትዬ ይርገዱ ኩሽና ገቡ። ድስቱን አንስተው ድንጋዩን አዩት። ምንም። በመዳፋቸው ዳበሱት። ሞቅ ብሏል እንጂ ምንም።

"ወይ ግሩም! እንዲህ ያለ ጀግና ነው በላስቲክ ያፈንኩት?"

"እሳት አይፈራም እትዬ፣" አለች ወለላ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ። "ግን ጀግና ነው ተብሎ አይሰቃይም። በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉበት፣ በሽቦ አይፈትጉት፣ ዘይት ከፈሰሰበት ቶሎ ይጥረጉለት። ለድስቱም የእንጨት ማስቀመጫ ብናደርግለት ጥሩ ነው።"

እትዬ ይርገዱ ዞር ብለው አዩዋት፣ ገና ዛሬ ቤታቸው እንደገባች ልጅ።

"ነገ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?"

"ሁለት ሰዓት።"

"እንዳታረፍጂ። ደግሞ መምህርሽን ላስቲክ ሥር ስላለው የወለሉ ሸክላም ጠይቂልኝ።"

የኔም ተረት ከእሳት ወርዶ ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ የራበው እጁን ታጥቦ ይቅረብ።