እርስዎ ይቅደሙ፣ በሞቴ

ተረቴ በጎማ ትመጣለች፤ ደወሏን ስትሰሙ ጠጋ በሉላት።

አንድ ሰፈር ነበረ። ሰፈሩ ሁለት ያማሩ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ከገበያው ተነስቶ፣ በወንዙ ዳር ዳር ተጠማዝዞ፣ አጸደ ከምትባል ሴት ጓሮ ሲደርስ ያልቃል። ሌላኛው ከትምህርት ቤቱ ተነስቶ ድልድዩ ሥር ሲደርስ ያልቃል። በመካከላቸው የማንም ያልሆነ የጓሮ መሬት አለ። የማንም ስላልሆነ ሁሉም ሰው አንድ ነገር አስቀምጦበታል፤ «ለጊዜው» ብሎ።

የአጸደ አባት አባባ ዘለቀ የሚሄዱት በባለ ጎማ ወንበር ነው። ጓደኛቸው አባባ ውቤ ከድልድዩ አጠገብ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ከበራቸው አያሳልፋቸውም። አባባ ዘለቀ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከውቤ ጋር ዳማ መጫወት። በአስፋልቱ ዞረው ለመሄድ አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። ሲኖትራክ ጡሩንባውን ሲያንባርቅባቸው ወንበሩ ቦይ ውስጥ ገባ፣ አጸደም ጩኸቷን አቀለጠችው። ከዚያ ወዲህ አስፋልት እርም ሆነ። ውቤ ግን ባገኙት ብስክሌተኛ ሁሉ መልእክት ይልካሉ። «ዘለቀ ፈርቶ ነው በሉት! ቆርኪዎቼ ዝገው አለቁ በሉት!»

«ፈርቶ? እኔ?» ይላሉ አባባ ዘለቀ። «አጸዱ፣ ግፊ!»

«ወዴት ልግፋ አባባ? መንገዱ አለቀ እኮ።»

አንድ ዓርብ ጠዋት ወሬ መጣ። ድንጋይ አንጣፊዎቹ ነገ ይመጣሉ። የጓሮው መሬት ባዶ ሆኖ ካገኙት ሁለቱን መንገዶች ያገናኛሉ፤ ካልሆነ ድንጋዩን ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ።

አጸደ ያን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። አባቷን በጓሮ በር አወጣች፣ እጇ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ ግራ ሸሸት፣ ወደ ቀኝ መለስ አደረገና የጋሽ ቢራራ በጎች ማደሪያ ላይ ደረሱ።

«ጋሽ ቢራራ፣ በጎቹን ያንሱልን። በጎቹ ካልተነሱ መንገዱ አይገናኝም፤ መንገዱ ካልተገናኘ ወንበሩ አያልፍም፤ ወንበሩ ካላለፈ ዳማው አይከፈትም!»

ጋሽ ቢራራ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ወደ ኋላዋ አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በደስታ ነበር ልጄ። ግን ከሙሉእመቤት ፍልጥ ቀድሜ ባነሳ ሰው ምን ይላል? ‹ቢራራ ጎረቤቱን ሊያሳጣ ነው› አይልም? እሷ ትቅደም። በሞቴ!»

በጎቹ «ባአ!» አሉ። በግ ይሉኝታ የለውም።

አጸደ አባቷን እዚያው ትታ በበጎቹ መሃል ተሹለክልካ አለፈች። ከበጎቹ ቀጥሎ በርዝመት ቤት የሚያክል፣ በቁመት ግን ከጉልበት የማያልፍ የማገዶ ክምር አለ።

«እትዬ ሙሉእመቤት፣ ፍልጡን ያንሱልን። ፍልጡ ካልተነሳ በጎቹ አይነሱም፤ በጎቹ ካልተነሱ መንገዱ አይገናኝም፤ መንገዱ ካልተገናኘ ወንበሩ አያልፍም፤ ወንበሩ ካላለፈ ዳማው አይከፈትም!»

እትዬ ሙሉእመቤትም በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኔማ ዛሬውኑ! ግን ተካልኝ ብረቱን ሳያነሳ እኔ ባነሳ ልጁን ማሳፈር አይሆንም? እሱን ስትወልድ እናቱን ያረስኳት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ላሳፍረው? እሱ ይቅደም። በሞቴ!»

ተካልኝ በያጅ ነው። ከቤቱ ጀርባ የተጣመመ በር፣ እግር የሌለው አልጋ፣ መስኮት ያልሆነ መስኮት ተከምሯል።

«ተካ፣ ብረቱን አንሳልኝ። ብረቱ ካልተነሳ ፍልጡ አይነሳም፤ ፍልጡ ካልተነሳ በጎቹ አይነሱም፤ በጎቹ ካልተነሱ መንገዱ አይገናኝም፤ መንገዱ ካልተገናኘ ወንበሩ አያልፍም...»

«ወንበሩ ካላለፈ ዳማው አይከፈትም!» ብለው አባባ ዘለቀ ከበጎቹ ማዶ ጨረሱላት።

ተካልኝ ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ወደ ኋላዋ አየ፣ መነጽሩን ቶሎ መለሰ። «እታለም፣ ሻምበል ንጋቱ ቮልሳቸውን ሳያነሱ እኔ ብረት ባንኳኳ ‹ይቺ አሽሙር ለኔ ናት› ይሉኛል። ታላቅ ይቅደም። በሞቴ!»

ሻምበል ንጋቱ ጡረተኛ ናቸው። ጎማ የሌላት ቮልሳቸው በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እሳቸው ደግሞ ቮልሷ ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። አጸደ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ድልድዩ ሥር ብስክሌታቸውን ተደግፈው ያረፉት፣ ከትምህርት ቤት ለምሳ በእግራቸው የሚመለሱት፣ ነገሩ ጥሟቸው ከበቧት።

«ሻምበል! ቮልሷ ካልተነሳች ብረቱ አይነሳም፤ ብረቱ ካልተነሳ ፍልጡ አይነሳም፤ ፍልጡ ካልተነሳ በጎቹ አይነሱም፤ በጎቹ ካልተነሱ መንገዱ አይገናኝም፤ መንገዱ ካልተገናኘ ወንበሩ አያልፍም፤ ወንበሩ ካላለፈ...»

«ዳማው አይከፈትም!» አለ የተሰበሰበው ሁሉ።

ሻምበል ሬዲዮውን ዘጉ፣ ወረዱ፣ በሩን ያዙላት። «ግቢ ልጄ፣ አረፍ በይ። ከፊትሽ ምን ይታይሻል?»

«የተካልኝ ብረት።»

«ከሱ ወዲያ?»

«ፍልጥ።»

«ከሱ ወዲያ?»

«በጎች። አባባ።»

«ከአባባስ ወዲያ?»

አጸደ በቮልሷ መስታወት አሻግራ አየች። ከአባቷ ጀርባ፣ በድንጋይ ካብ ላይ፣ ጥቁር የውሃ ሮቶ ተገትሯል። አናቱ ላይ ቀይ ጆግ ተደፍቷል። ጆጉ የሷ ነው። ሮቶውም የሷ ነው።

«ውይ!»

ውሃ የጠፋ ጊዜ «ለጊዜው» ብላ ያስቀመጠችው ነው። በየቀኑ ወንበሩን ወደ ግራ ስታሸሽ፣ ወደ ቀኝ ስትመልስ፣ እጇ ለመደው፣ ዓይኗ ረሳው። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሁሉም በትከሻዋ ላይ የሚያዩት እሱን ኖሯል! ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በምን አፋችን? ‹እባካችሁ አንሱልኝ› እያልሽ ስትለምኚ ‹ሮቶሽን አንሺ› ይባላል?» አሉ ሻምበል። «እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ ቮልሷ ሰልችታኛለች። አንቺ ቅደሚ። በሞቴ!»

አጸደ ከቮልሷ ዘላ ወረደች። በብረቱ ላይ ተረማምዳ፣ ፍልጡን ዞራ፣ በጎቹን በትና በረረች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባባ ዘለቀ።

«እኔ ነኝ አባባ! ለካ የዘጋሁብህ እኔ ነኝ!»

የሮቶውን ቧንቧ ከፈተች። «ጀሪካን ያለው ይምጣ! ውሃ በነጻ!» ሰፈሩ በጀሪካን ተንጋጋ። በጎቹ ጠጡ፤ ብስክሌተኞቹ አንገታቸውን ነከሩ። ባዶው ሮቶ ከካቡ ወረደና ድም፣ ድም፣ ድም እያለ እየተንከባለለ የአጸደ ግቢ ገባ።

ድምፁ እስከ ድልድዩ ተሰማ። ያን ጊዜ ይሉኝታ ፊቱን አዞረ። እስካሁን የሚያሳፍረው አንደኛ መሆን ነበር፤ አሁን ግን መጨረሻ መሆን ሆነ!

«መጨረሻ ቀረ እንዳልባል! አንሱ!» ብለው ሻምበል ጮኹ። ብስክሌተኛውም እግረኛውም ቮልሷን «ሆ!» ብሎ ተሸከማት። ሮቶው ሲነሳ ቮልሷ ተነሳች፤ ቮልሷ ስትነሳ ብረቱ ተነሳ፤ ብረቱ ሲነሳ ፍልጡ ተነሳ፤ ፍልጡ ሲነሳ በጎቹ ተነሱ። እንዲያውም አንዷ በግ ከመጠን በላይ ተነስታ አባባ ዘለቀ ጭን ላይ ወጣች።

በማግስቱ አንጣፊዎቹ መጡ። መሬቱ ባዶ ነበር። ድንጋዩ ተነጠፈ፣ መንገዱ ተገናኘ፣ ወንበሩ አለፈ። አጸደ ስትገፋ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሊሸሽ አለና ሳቀች፤ ቀጥ ብላ ሄደች።

አባባ ውቤ በራቸው ላይ ሰሌዳውን ዘርግተው ጠበቁ። «ፈሪው መጣ!»

«ዝገትህን ደርድር!»

ቆርኪዎቹ ተደረደሩ።

«በል ቅደም» አሉ ውቤ። «እንግዳ ነህ።»

«በሰው ቤትማ አልቀድምም። አንተ ቅደም።»

«በሞቴ!»

«አይደረግም፣ አንተ! በኔ ሞት!»

ፀሐይዋ ወደ ድልድዩ ዘቀዘቀች። አጸደ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ወረወረች።

«ኧረ በኔ ሞት!» ብላ የአባቷን ቆርኪ አንድ ቤት ገፋች።

ዳማው ተከፈተ።

ተረቴም ደወሏን እያቃጨለች አለፈች፤ ጠጋ ላላችሁላት ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።