ቀበሮዋ መምህርትና የውርንጭላዋ ሰኮና

አንድ ጊዜ፣ በዱሩ ሁሉ በብልጠቷ የተመሰገነች ቀበሮ በትልቅ ዋርካ ሥር ልጆች ታስተምር ነበር። ከዕለታት በአንዱ ንጉሡ አንበሳ ለትምህርት ቤቱ ጥቂት ታብሌቶች ላከና መምህራኑ አጠቃቀሙን ለመማር ዝንጀሮ ዘንድ ተጠሩ። ዝንጀሮ ጣቱን በመስታወቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ካሯሯጠ በኋላ፣ «ገባችሁ?» አለ።

«ገብቶናል!» አሉ ሁሉም።

ቀበሮ ምንም አልገባትም። «ብልጧ ቀበሮ እንኳ አልገባትም» መባልን ፈርታ ግን እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ክፍሏ ስትመለስ ጭንቅ ያዛት። የአንበሳና የነብር ልጆች ቤታቸው ታብሌት ስላላቸው ምንም አይጠይቁም። ስለዚህ የመጡትን ታብሌቶች በሙሉ ለእነሱ ሰጠች። የሚጠይቁት እነ ፍየል፣ እነ በግ፣ እነ አህያ ናቸው። እነሱን ከኋላ አስቀመጠቻቸው። የአህያዋ ውርንጭላ ግን ዝም አትልም።

«ቲቸር፣ እኔስ መቼ ነው የምነካው?»

ቀበሮ ደነገጠች፤ አፏ ላይ የመጣላትንም ተናገረች። «አንቺማ ሰኮና ነው ያለሽ። ሰኮና መስታወቱን ይቧጭራል። እዚያው ሆነሽ ተመልከቺ።»

«ሰኮናሽን አውልቀሽ ነያ!» አለች አንዲት ጦጣ። ልጆቹ አውካኩ። ውርንጭላዋ እግሮቿን ከሆዷ ሥር ሰበሰበች። ቀበሮ ይህን አየች፤ አይታም ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከአንበሳ ትእዛዝ መጣ፤ በታብሌት ስሙን መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ከትምህርት ይሰናበታል። የተሰናበተች የአህያ ልጅ ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ጭነት ነው።

በፈተናው ቀን ወላጆች ተሰበሰቡ። ፈታኝ ሆኖ የመጣው አያ ጅብ ነበር። ታብሌቱን አሸተተ፤ ላሰው።

«ይበላል?»

«አይበላም፣ አያ ጅብ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ግርግር ለምንድን ነው? ቶሎ በሉ፣ ምሳ እንዳያልፈኝ!»

የአንበሳው ደቦል ጽፎ አለፈ፤ የነብሩም ግልገል እንዲሁ። ተራው የውርንጭላዋ ሲሆን እያነከሰች መጣች። የፊት ሰኮናዋ ጫፍ ደም ቋጥሯል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ቀበሮ።

«ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ሞረድኩት፣ ቲቸር። እንዳይቧጭር ብዬ። አሁን ለስልሷል፤ ይዩት» ብላ እግሯን ዘረጋችላት።

ቀበሮ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣች።

እናቷ እመት አህያ ከወላጆች መካከል ብድግ አለች። «ተይ ብላት እምቢ አለችኝ። ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አይቆጡኝና፤ የነብር ጥፍር ከልጄ ሰኮና ይለሰልሳል እንዴ?»

የነብሩ ግልገል ግራ ተጋባ። «እኛ መች በጥፍር ነካን? በአፍንጫችን እኮ ነው!»

ጅብ ውርንጭላዋን እያየ ምራቁን ዋጠ። «ካልጻፈች ወድቃለች። ለጭነት ስትሄድ እኔው እሸኛታለሁ።»

ቀበሮ በዚያች ሰዓትም ብልጠት አላጣችም። «ታማለችና ሌላ ቀን ትፈተን» ብትል ማን ይጠረጥራታል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የተዘረጋችው እግር ግን አሁንም ከፊቷ ናት፤ ልጅቱ መምህርቷ ለስላሳነቱን እስክትመሰክርላት ትጠብቃለች።

«አያ ጅብ፣» አለች ቀበሮ፣ «መፈተን ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህ ነገር እንዴት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም። ዝንጀሮ ዘንድ ገብቶኛል ያልኩት ውሸት ነው። የሰኮናውን ነገር የፈጠርኩትም እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው።»

«ብልጧ ቀበሮ!» አለች ጦጣዋ። የሳቀላት ግን አልነበረም።

ጅብ ግራ ገባው። «ታዲያ ማንን ልጣል? አንቺ እንደሆን ለአንድ ጉርሻ እንኳ አትሆኚም!» ሆዱ ጮኸ። «በሉ፣ ምሳዬን በልቼ እስክመለስ ትጻፍ!» ብሎ ወደ ጫካው ገባ።

የነብሩ ግልገል ታብሌቱን መሬት ላይ አኖረ። ውርንጭላዋና መምህርቷ ጎን ለጎን አጎንብሰው ከእሱ ተማሩ። ውርንጭላዋ ዓመቱን ሙሉ ከሩቅ ስትመለከት ስለከረመች ቶሎ ገባት፤ ቀበሮ ግን ደጋግማ ተሳሳተች። ጅብ ጠግቦ እያዛጋ ሲመለስ፣ የውርንጭላዋ ስም ጠመም ብሎ በመስታወቱ ላይ ተጽፎ አገኘው።

«አልፈሻል» አለ ቅር እያለው። አብረዋት ሲማሩ የነበሩት የፍየልና የበግ ልጆችም ተራ በተራ ጽፈው አለፉ።

ሁሉም ሲበተን ውርንጭላዋ ወደ መምህርቷ ተጠጋች።

«ቲቸር፣ አፍንጫ እኮ ድሮም ነበረኝ» አለች።

በድምጿ ቁጣ አልነበረም። ቀበሮ ግን ምነው በተቆጣችኝ ብላ ተመኘች። ውርንጭላዋ እያነከሰች ከእናቷ ጋር ቁልቁል ስትወርድ፣ መምህርቷ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ከዚህ የምንማረው፣ አለማወቃችንን ለመሸፈን የምንፈጥረው ሰበብ ለእኛ መሸሸጊያ ቢመስለንም አምኖ ለተቀበለን ልጅ ግን ቁስል እንደሚሆንበት ነው።