ቁርበት ይዞ የሮጠው ገበሬ

«የኅብረት እርሻ ስንት ሄክታር ቢሆን ይበጃል?» ብሎ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ሽማግሌውን ጋሽ ውብሸትን ጠየቃቸው። እሳቸውም ሄክታሩን ትተው እንዲህ አሉት።

አንድ ገበሬ ነበረ። የአንድ ምንጭ ውኃ ከሚጠጡ ጎረቤቶቹ ጋር በሬ ደባልቆ ማኅበር ሲገባ ብዙም ቅር አላለውም፤ ድሮም በደቦ ይሠሩ ነበር። የተወቃ ጤፍ አውድማ ላይ ሳለ ደመና ከመጣ፣ መጀመሪያ ያየው ሰው «ኧረ አውድማ! አውድማ!» ብሎ ይጮኻል። የሰማ ሁሉ የሚተኛበትን ቁርበት እየጎተተ ሮጦ እህሉን ይሸፍናል። በማኅበሩም ይኸው ልማድ ቀጠለ።

ኋላ ከበላይ ሰዎች መጡና ማኅበሩ አነሰ አሉ። የወንዝ ማዶውንም የተራራ ሥሩንም ሰው አንድ ላይ ቀላቀሉት። ሥራ ተደለደለ፤ አራሽ ያርሳል፣ ጠባቂ ይጠብቃል። አውድማውም አንድ ሆነ፤ ለሁሉም እኩል እንዲርቅ ተደርጎ።

በታኅሣሥ፣ ሰው ሁሉ ስብሰባ በተጠራበት ቀን፣ ወደ ኋላ የቀረው ገበሬ ደመና አየ። ጮኸ፤ የሰማው የለም። ቁርበቱን ተሸክሞ ብቻውን ሮጠ። አውድማው ጋ ሲደርስ የማዶው ጠባቂ ዱላ ደቀነበት።

«አንተ፣ የማን ነህ?»

«የማኅበሩ ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እህሉን ልሸፍን።»

«በቁርበቱ ልትሸፍንበት ነው ወይስ ልትቋጥርበት?»

«ኧረ ወንድሜ፣ ቀና ብለህ ሰማዩን እይ!»

«ሰማይ ጠብቅ አልተባልኩም።»

እጁን ይዞ አቆመው። ዝናቡ ወረደ፤ ጤፉ ሁለቱም እያዩት ራሰ፣ ሰንብቶም አጎነቆለ። በስብሰባ ጠባቂው ተመሰገነ፤ ገበሬው ከሥራ ድርሻው ውጭ በመገኘቱ ተወቀሰ። ያን ክረምት ልጆቹን ጎመን እየቀቀለ አከረማቸው።

በዓመቱ ደመናው ተመልሶ መጣ። ገበሬው ከደጁ ሆኖ አየው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አትጮኽም?» አለችው ሚስቱ።

ቁርበቱን መደቡ ላይ አስተካክሎ አነጠፈና ተጋደመበት።

ልጄ፣ ያ እርሻ ስንት ሄክታር እንደነበረ አላውቅም፤ ሪፖርት ላይ ግን ያምር ነበር አሉ። አንተ ስትለካ ገመዱን ተወውና አውድማው ላይ ቆመህ ጩኽ። ድምፅህን ሰምቶ፣ ማን እንደሆንክ አውቆ የሚሮጥልህ ሰው ካለበት አትለፍ። ካለፍክ ሰፊ እርሻ ታገኛለህ፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ሁሉንም በየቁርበቱ ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ «ገበሬው ሰነፍ ነው» ብለህ እንዳትጽፍ።