የፊታውራሪው ኒሻን

ሳምንቱን በስቱዲዮው የሰው ፊት ሲያነሳ የሚውል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቴአትር ቤት ሄዶ ተዋንያኑን የሚያነሳ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ካሜራውም ምላሱም ሰው አይምሩም።

አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ ጥሩነህ፣ ከግብር አዳራሽ በቀር የዘመቱበት ቦታ ባይታወቅም፣ ደረታቸውን በኒሻን ሞልተው ፎቶግራፍ ሊነሱ መጡ። ፎቶ አንሺው ከኒሻኖቹ መሐል ጫፉ የተቆለመመ አንድ ኮከብ አየና ዝም ብሎ አነሳቸው።

ፎቶው ሲደርሳቸው ፊታውራሪው በገኑ። ፎቶው ላይ ዐይናቸው ፈጦ፣ አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ገብቶ፣ የደነገጠ ሰው መስለዋል። አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ስቱዲዮው ድረስ መጡና፣

«ጀግና አንሳ ብልህ ፈሪ አድርገህ አወጣኸኝ! ጥፋቱ የማን ነው? የካሜራዬ ነው ካልክ እሰብረዋለሁ፤ የፊትዎ ነው ካልክ ደግሞ አንተን አሳስርሃለሁ» አሉ።

ፎቶ አንሺው እጅ ነስቶ እንዲህ አላቸው፦

«የሁለቱም አይደለም፣ ጌታዬ። ይህን ደረትዎ ላይ አድርገው የተነሱትን ጫፉ የተቆለመመ የቆርቆሮ ኮከብ ባለፈው ቅዳሜ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ አንስቼዋለሁ። ያን ለት ደረቱ ላይ ያደረገው ተዋናይ ጀግና ለመምሰል ሦስት ወር ተለማምዷል። እርስዎ ግን ያለ አንድ ቀን ልምምድ ዘው ብለው ገቡ።»